«ከማን ተማርክ?»
የመጀመሪያው ኮምፒውተር የማን ነው በሚለው ክርክር ላይ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

ከመካከላችን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። አንድ የቅኔ ወይም የዜማ ተማሪ ወደ አዲስ ደብር ሲደርስ ቶሎ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «ከማን ተማርክ?» የሚል ነው። የመምህሩን ስም ይጠራል፤ የሚያውቅ ከሆነ የመምህሩንም መምህር ይጨምራል። ስም መጥራቱ ዕውቀቱን አያሳንስበትም። እንዲያውም የዕውቀቱ ማስረጃ እሱ ነው።

በእኛ ሙያ፣ በኮምፒውተሩ ማለቴ ነው፣ ይህ ጥያቄ ብዙም አይወደድም። ተመራቂዎች በተገናኘን ቁጥር የምታዘበው ነገር አለ። «ያንን ኔትዎርክ የዘረጋሁት እኔ ነኝ» ይላል አንዱ። «አንተ ስትቀጠር እኮ ተዘርግቶ ነበር» ይላል ሌላው። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ክርክሩ ይቀጥላል። ጸጉራችን ሸብቶም አልተውነውም። ይህን እንደ ቀልድ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ሙያችን ሲወለድም እንዲህ ባለ ጠብ መካከል እንደተወለደ ብዙዎቻችን አናስታውስም። በክፍል ውስጥ ስናስተምረውም የጠቡን አሸናፊ ስም ብቻ ይዘን አልፈናል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ላንሳው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠላሳ ቶኑ ማሽን

ቦታው ፊላደልፊያ፣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሙር ኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ቤት ነው። ዓመቱ 1943። የአሜሪካ ጦር አንድ ችግር አለበት፤ ለእያንዳንዱ መድፍ የመተኮሻ ሰንጠረዥ ይፈልጋል፣ ስሌቱ ግን ማለቂያ የለውም። የዚያን ጊዜ «ኮምፒውተር» ማለት የሰው የሥራ መጠሪያ ነበር። ሥራውን በብዛት የያዙት በሒሳብ የሠለጠኑ ሴቶች ሲሆኑ፣ አንዲት የጥይት ጉዞ በእጅ ለማስላት ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ይፈጅባቸው ነበር።

ጆን ሞክሊ የተባለ የፊዚክስ መምህርና ፕሬስፐር ኤከርት የተባለ የ24 ዓመት መሐንዲስ፣ ይህን ስሌት በኤሌክትሮኒክስ እንሠራዋለን ብለው ተነሡ። ጦሩም ገንዘቡን ሰጠ። ኤኒያክ የተባለው ማሽን ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫክዩም ቲዩቦች ነበሩት። ክብደቱ 30 ቶን ያህል ነበር፤ በሴኮንድ 5,000 ድምር ይደምራል። ብዙ አዋቂዎች «ይህን ያህል ቲዩብ ባንድ ላይ ሳይቃጠል አይሠራም» ብለው ነበር። ኤከርት ቲዩቦቹን ከዓቅማቸው በታች እንዲሠሩ በማድረግ አሠራው።

ማሽኑ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። አዲስ ሥራ ለመስጠት ገመዱን እየነቀሉ መሰካት፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ በአንድ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ኤኒያክ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ቡድኑ ስለሚቀጥለው ማሽን ማውራት ጀመረ። ስሙ ኤድቫክ ነው። በዚህኛው ላይ ትእዛዙ ራሱ እንደ ቁጥሩ ሁሉ በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

አንድ ስም ብቻ ያለበት ሰነድ

በ1944 በጋ፣ በአበርዲን የባቡር ጣቢያ፣ የፕሮጀክቱ የጦር መኮንን ኸርማን ጎልድስታይን ባቡር ሲጠብቅ ታላቁን የሒሳብ ሊቅ ጆን ቮን ኒውማንን አየ። ጎልድስታይን ራሱም የሒሳብ ሰው ስለነበር ደፍሮ አነጋገረው። ስለ ማሽኑ ሲነግረው የቮን ኒውማን ጆሮ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሊቁ የቡድኑ አማካሪ ሆኖ በስብሰባዎቹ ላይ መገኘት ጀመረ።

ከዚያ ቮን ኒውማን በስብሰባዎቹ የተነሣውን ሐሳብ የራሱን ጨምሮ፣ በሒሳብ ሰው ጥራት አደራጅቶ ጻፈው። ጎልድስታይን በጁን 1945 በታይፕ አስመታውና ለሌሎች ሳይንቲስቶች አሰራጨው። ርእሱ «ስለ ኤድቫክ የቀረበ ሪፖርት የመጀመሪያ ረቂቅ» የሚል ነው። በሽፋኑ ላይ የነበረው ስም ግን አንድ ብቻ ነው፤ የጆን ቮን ኒውማን። ኤከርት የለም፤ ሞክሊም የለም።

ይህ ከመጀመሪያው የታሰበበት ይሁን፣ ወይስ ረቂቅ ሆኖ እንዲቀር የተጻፈ ነገር ሳይታሰብ መሰራጨቱ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ውጤቱ ግን አላከራከረም። ያ የአሠራር ንድፍ በዓለም ሁሉ «የቮን ኒውማን አርክቴክቸር» ተባለ። እኛም በዚሁ ስም ተማርነው፣ በዚሁ ስም አስተማርነው፣ በዚሁ ስም ፈተናን። ኤከርትና ሞክሊ ሐሳቡ ቮን ኒውማን ከመምጣቱ በፊት የኛ ነበር እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ተከራከሩ።

ቁርሾው በዚህ አላበቃም። በ1946 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ሠራተኞቹ የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸውን እንዲለቁለት ጠየቀ። ኤከርትና ሞክሊ እምቢ ብለው በማርች ወር ለቀቁ። ጎልድስታይንም ቮን ኒውማንን ተከትሎ ወደ ፕሪንስተን ሄደ። ኮምፒውተር የተወለደበት ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ተበተነ።

ኪሳራውን በቀን መቁጠር ይቻላል። ትእዛዙን በማስታወሻው ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮግራም ያስኬደው ማሽን በእንግሊዝ፣ በማንቸስተር፣ ጁን 21 ቀን 1948 ሠራ። ቀጥሎ ደግሞ የካምብሪጁ ኤድሳክ በሜይ 6 ቀን 1949 ሥራ ጀመረ። የኤድሳክ መሪ ሞሪስ ዊልክስ የኤድቫክን ረቂቅ አንብቦ፣ በ1946 በጋም እዚያው ሙር ትምህርት ቤት በተሰጠው ኮርስ መጨረሻ ላይ ተገኝቶ ነበር የተመለሰው። ኤድቫክ ራሱ ሥራ የጀመረው በ1951 ነው። ባለቤቶቹ ሲጣሉ እንግዳው ቀድሟቸው በላ።

የአዮዋው እንግዳ

ኤከርትና ሞክሊ ለኤኒያክ የፓተንት ማመልከቻ ያስገቡት በጁን 1947 ነው። ፓተንቱ የተሰጠው በ1964 ሲሆን በዚያ ጊዜ የስፔሪ ራንድ ኩባንያ ንብረት ሆኗል። ስፔሪ ራንድ ኮምፒውተር የሚሠሩትን ኩባንያዎች ክፍያ ጠየቀ። ሃኒዌል አልከፍልም አለ። በሜይ 26 ቀን 1967 ሁለቱም በዚያው ቀን፣ በተለያየ ከተማ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ክስ መሠረቱ። ለክስ ሳይቀር ተሽቀዳደሙ ማለት ነው።

የሃኒዌል ጠበቆች ማስረጃ ሲያሳድዱ አንድ ብዙ ሰው የረሳው መምህር ጋ ደረሱ። ጆን ቪንሰንት አታናሶፍ ይባላል። በአዮዋ ስቴት ኮሌጅ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ነበር። ክሊፎርድ ቤሪ ከተባለ ተማሪው ጋር ከ1937 እስከ 1942 ባለው ጊዜ የመስመር እኩልታዎችን የሚፈታ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ቲዩቦች ያሉት ማሽን ሠርቶ ነበር። ጦርነቱ መጣና ሥራው ተቋረጠ። ኮሌጁም ፓተንቱን ሳያስገባ ቀረ። ማሽኑ ራሱ በኋላ ተፈታትቶ ተጣለ።

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ሞክሊ በዲሴምበር 1940 በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ከአታናሶፍ ጋር ተዋውቆ ነበር። በጁን 1941 ደግሞ እስከ አዮዋ ድረስ ሄዶ፣ በአታናሶፍ ቤት በእንግድነት ሰንብቶ፣ ማሽኑን አይቷል፤ ስለ ማሽኑ የተጻፈውንም አንብቧል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ለአታናሶፍ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከእርስዎ ማሽን አንዳንድ ነገሮችን የሚወስድ ኮምፒውተር ብሠራ ቅር ይልዎታል ወይ ብሎ ጠይቋል። ደብዳቤው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በችሎት ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

እንግዲህ «ከማን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ሲጠየቅ እንዲህ ነው። ሞክሊ ከአታናሶፍ ምንም የረባ ነገር አልወሰድኩም አለ። በፊትም በኤሌክትሮኒክስ ስለ መቁጠር ሲያስብ እንደነበር አስረዳ። እውነትም ነበረው፤ የአታናሶፍ ማሽን ለአንድ ዓይነት ስሌት ብቻ የተሠራ ሲሆን ኤኒያክ ግን ብዙ ዓይነት ሥራ የሚሠራ፣ እጅግ ፈጣንና ግዙፍ ነበር። ግን ደብዳቤው አለ፤ ጉብኝቱም አለ። ያንን እንግድነት ገና በ1946 «አዎ፣ እዚያም አይቻለሁ፣ ተምሬበታለሁ» ብሎ በአንድ መስመር ቢጽፈው ኖሮ ማን ይነቅፈው ነበር?

ችሎቱ ከጁን 1971 ጀምሮ 135 ቀናት ተሰማ። 77 ምስክሮች በአካል ቀረቡ። ዳኛ ኧርል ላርሰን በኦክቶበር 19 ቀን 1973 ፈረዱ፤ የኤኒያክ ፓተንት ዋጋ የለውም አሉ። ከሰጧቸው ምክንያቶች ሁለቱን እዚህ ላንሳ። አንደኛው የማሽኑ መሠረታዊ ሐሳብ ከአታናሶፍ የተገኘ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ የቮን ኒውማን ረቂቅ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ በመሰራጨቱ ሐሳቡ አደባባይ ወጥቷል ተባለ። ስማቸው የተዘለለበት ወረቀት መብታቸውንም ይዞባቸው ሄደ።

በማግስቱ በዋሽንግተን የፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅሌት ትልቅ ዜና ሆነና ፍርዱን ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ። ቮን ኒውማን በ1957፣ ቤሪ በ1963 ሞተው ስለነበር አልሰሙትም። ሞክሊ ፍርዱን ሳይቀበል በ1980 ሞተ። ኤከርትና አታናሶፍ ደግሞ በአንድ ወር፣ በጁን 1995፣ በ12 ቀን ልዩነት ተከታትለው አረፉ። ሁለቱም ቀዳሚው እኔ ነኝ እንዳሉ።

ግብዣው ላይ ያልተጠሩት

እስካሁን የተረኩት የወንዶቹን ጠብ ነው። ከጠቡ ውጭ የነበሩ ስድስት ሰዎች አሉ። ካትሊን ማክነልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን ይባላሉ። ኤኒያክን ፕሮግራም ያደረጉት እነሱ ናቸው። የፕሮግራም ቋንቋ የለም፤ የማሽኑ መማሪያ መጽሐፍም የለም። ንድፉን ብቻ እያዩ፣ መሐንዲሶቹን እየጠየቁ ራሳቸው ተማሩት።

ማሽኑ በፌብሩዋሪ 1946 ለእንግዶች ሲታይ የጥይቱን ጉዞ የሚያሰላውን ፕሮግራም ያዘጋጁት ጄኒንግስና ስናይደር ነበሩ። በዋዜማው ማታ አንድ ስህተት አልፈታ አላቸው፤ ጥይቱ መሬት ነክቶ መቆም ሲገባው ስሌቱ መሬቱን ሰርስሮ ይቀጥላል። ስናይደር አሳቡን ይዛ ተኛች። ጠዋት መጥታ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ስታዞር ተስተካከለ። ማሽኑ በእንግዶቹ ፊት ጥይቱ መሬት ከሚደርስበት ጊዜ ቀድሞ ስሌቱን ጨረሰ፤ አዳራሹ ተደነቀ። ማታ ትልቅ የእራት ግብዣ ተደረገ። ሴቶቹ አልተጠሩም።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ካቲ ክላይማን የተባለች ተማሪ በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ሴቶቹን አይታ ማን እንደሆኑ ብትጠይቅ፣ ለፎቶ ማሳመሪያ የቆሙ ናቸው የሚል መልስ ተሰጣት። እሷ ግን ፈልጋ አገኘቻቸው፤ ታሪካቸውንም መዘገበች። በ1997 ስድስቱም በሴቶች የቴክኖሎጂ የክብር መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ወንዶቹ ማን ቀደመ እያሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲሟገቱ፣ ማሽኑን ያናገሩት ሰዎች ስም ጠያቂ አጥቶ ቆየ።

የእኛው ፊደል

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። በእኛም ቤት ደርሷል።

የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አንድ እውነተኛ ችግር ነበር። የዚያን ጊዜው አሠራር ለፊደላት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ የእኛ ሆሄያት ደግሞ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣሉ። በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ብልሃት ፈጠሩለት። ሁሉም የሚደነቅ ሥራ ነበር። ግን እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠ። በአጋፋሪ የተጻፈ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ በፓወር ግዕዝ አይነበብም። አንዱ ዘንድ «ሀ» የሆነው ሌላው ዘንድ ሌላ ሆነ። እስከ ዛሬም ቀዳሚው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ድምፅ ከፍ ይላል።

እኔም ጠቡ ውስጥ ነበርኩበት። በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) መጀመሪያ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሁለት ነበርን፤ እሱ አንዱን ሶፍትዌር ይወዳል፣ እኔ ሌላውን። ላይኛው ፎቅ የእሱ፣ ታችኛው ፎቅ የእኔ ሆነ። ከላይ የመጣ ደብዳቤ ታች ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። ሁለታችንም «የሱን ትቶ የኔን ይጫን» ከማለት ሌላ መፍትሔ አልነበረንም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሣሯ የታችኛው ፎቅ ጸሐፊ ነበሩ። እትዬ እያልን ነበር የምንጠራቸው። የመጣውን ሁሉ እንደገና ይተይቡታል።

አንድ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ ባለ መስመር ደብተር አየሁ። የተዘበራረቁትን ምልክቶች በግራ፣ ትክክለኛውን ሆሄ በቀኝ አድርገው፣ ሁለት ህትመቶችን እያስተያዩ ከመቶ በላይ ፊደል ለቅመዋል። «ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው። «ማን ያስተምረኛል፤ እናንተ እንደሆነ አትነጋገሩ» አሉኝ እየሳቁ። ደብተሩን ተዋስኩ። የጎደለውን ሞላሁበትና ትንሽ የመቀየሪያ ፕሮግራም ጻፍኩ። አለቃችን ፊት ሳቀርበው «ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ፕሮግራሙን ለባልደረባዬ አልሰጠሁም፤ ሲቸገር ወደ እኔ እንዲመጣ። አልመጣም። እኔም ሥራ ቀየርኩ። የላይኛው ፎቅ የስንት ዓመት ሰነድ በፍሎፒ ላይ እንደተዘበራረቀ ቀረ።

በውጭው ዓለም ግን የተስማሙ ሰዎች ነበሩ። በ1999 የወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የግዕዝን ፊደል ያዘ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አላት፤ 4608። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ በስልኩ «ሰላም» ብሎ ቢልክ ዋሽንግተን ያለች አክስቱ እንዳለ ታነበዋለች። ማን ቀደመ ብላ አትጠይቅም። የቀዳሚዎቹ ድካም በከንቱ አልቀረም፤ ቁጥራቸው ግን ጠፍቷል፣ በዚያ ቁጥር የተጻፈውም ብዙው አብሮ ጠፍቷል። ከመካከላችን የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያን ዘመን በአማርኛ የጻፈ ሰው ዛሬ ፋይሉን ለመክፈት ይሞክርና ይንገረን።

አንድ መስመር

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይህን ነው። ዳኛው ፓተንቱን ሲሽሩት ኮምፒውተር የማንም ሆነ፣ ስለዚህም የሁላችንም ሆነ። በሕግ በኩል መልካም ነው። ነገር ግን ለዚህ 135 የችሎት ቀናት፣ የአንድ ታላቅ ቡድን መበተንና የጥቂት ሰዎች የዕድሜ ልክ ምሬት ባላስፈለገ ነበር። በረቂቁ ሽፋን ላይ ሁለት ስም ቢጨመር፣ ስለ አዮዋው ጉብኝት አንድ መስመር ቢጻፍ፣ ለእራቱ ስድስት ወንበር ቢጨመር ይበቃ ነበር። የአብነት ተማሪው በነጻ የሚያደርገውን ማለቴ ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብም ትንሽ ነው። በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ እያንዳንዳችን ስማችንን፣ ዲግሪያችንንና የሠራንበትን ቦታ እንጽፋለን። ከሥሩ «ከማን ተማርክ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። መምህር ይሁን፣ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ይሁን፣ ካርድ ትበሳ የነበረች ሠራተኛ ትሁን፣ ማስታወሻ ያዋሰ የክፍል ጓደኛ ይሁን። የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችንም አርክቴክቸሩን ሲያስተምሩ ከቮን ኒውማን ጎን እነ ኤከርትን፣ እነ ስናይደርን ቢጠሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

የራሴን መስመር ልጻፍ ብዬ ለእትዬ ደወልኩላቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ነገሩን ከመጀመሪያው ነግሬያቸው ስምዎን ላውጣ ወይ አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ስሙን ተወው ልጄ፤ አውቄው ነበር እኮ። ይልቅ ያ ደብተሬ የት ደረሰ?» አሉኝ።

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። በዚህ የበዓል ሰሞን ይዤላቸው እሄዳለሁ።